ቴራፒ ውሻ

ቴራፒ ውሻ ማለት በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በፍርድ ቤትና በመሳሰሉት ቦታዎች ከሰዎች ጋር እየተገናኘ ጭንቀታቸውን እንዲያቀልና የባለሙያን ሥራ እንዲያግዝ የተመረጠና የሠለጠነ ውሻ ነው። ውሻው ራሱ ሐኪምም መድኃኒትም አይደለም። ከሚይዘው ሰው ጋር እንደ አንድ ቡድን ይሠራል፤ ሥራው የሚመራው ደግሞ በመምህር፣ በሥነ ልቦና አማካሪ፣ በሐኪም ወይም በሌላ ባለሙያ ነው።

አገልግሎቱ በአሁኑ መልኩ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ነው። በአፍሪካ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ይሠራበታል። በኢትዮጵያ ግን የተለመደ አይደለም። በአገሪቱ ውሻ ከሁሉ በላይ የጥበቃ እንስሳ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታም ገና አልጠፋም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ስለ ቴራፒ ውሻ ሲታሰብ ከሥልጠናው በፊት የክትባት ጉዳይ ይቀድማል።

ስያሜና ልዩነት

«ቴራፒ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መንከባከብ፣ ማከም ነው። ውሻ በግዕዝም በዓረብኛም «ከልብ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ሰሬ» ይባላል።

ሰውን የሚያግዙ ውሾች ብዙ ዓይነት ስለሆኑ ስማቸው ብዙ ጊዜ ይምታታል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ረዳት ውሻ፦ ለአንድ አካል ጉዳተኛ ብቻ የሚሠራ ነው። ዓይነ ስውርን የሚመራ፣ መስማት ለተሳነው ሰው ድምፅ የሚጠቁም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበትን የሚከታተል ውሻ በዚህ ሥር ይመደባል።
• ቴራፒ ውሻ፦ የባለቤቱ ሆኖ ሳለ ለሌሎች ሰዎች ይሠራል። ባለቤቱ በቀጠሮ ወደ አንድ ተቋም ይወስደዋል፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።
• የተቋም ውሻ፦ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት በቋሚነት ከአንድ ሠራተኛ ጋር የሚውል ነው።
• የስሜት ድጋፍ እንስሳ፦ በቤት ውስጥ ባለቤቱን የሚያጽናና እንስሳ ነው። ልዩ ሥልጠና አያስፈልገውም።

ልዩነቱ በሕግም ይታያል። በአሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ረዳት ውሻ ሕዝብ ወደሚገለገልበት ቦታ ሁሉ እንዲገባ ይፈቅዳል። ቴራፒ ውሻ ግን ይህ መብት የለውም፤ የሚገባው ተቋሙ ሲጋብዘው ብቻ ነው።

ሥራውም በሦስት ይከፈላል። በእንስሳ የታገዘ ሕክምና ግብና መዝገብ ያለው፣ ባለሙያ የሚመራው ሕክምና ነው። በእንስሳ የታገዘ ትምህርት በመምህር ይመራል። በእንስሳ የታገዘ ጉብኝት ደግሞ ለማጽናናትና ለማጫወት የሚደረግ ነው። ይህንን አከፋፈል ያሰራጨው በ1990 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሰውና የእንስሳት ግንኙነት ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲሆን፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ትርጉሞቹና ስለ እንስሳቱ ደኅንነት መመሪያ ሰነድ አውጥቷል።

ታሪክ

እንስሳትን ለአእምሮ ሕሙማን መጽናኛ ማድረግ የቆየ ሐሳብ ነው። በ1796 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ በዊልያም ቱክ ጥረት የተከፈተው የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ በግቢው ውስጥ ጥንቸልና ዶሮ ያሳድግ ነበር። ሕሙማኑ በሰንሰለት ከመታሰር ይልቅ እንስሳቱን እየተንከባከቡ እንዲረጋጉ ይደረግ ነበር። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 እ.ኤ.አ. ስለ ነርስነት ባሳተመችው መጽሐፍ ትንሽ የቤት እንስሳ ለረጅም ጊዜ ለተኛ ሕመምተኛ ጥሩ ጓደኛ እንደሚሆን ገልጻለች።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በቪየና ሲግመንድ ፍሮይድ ሕመምተኞቹን ሲያነጋግር ጆፊ የምትባል ውሻው ክፍሉ ውስጥ ትተኛ ነበር። ፍሮይድ የውሻዋን ሁኔታ በማየት የሕመምተኛውን ውጥረት ለመገመት ይሞክር ነበር ይባላል።

ለሙያው መሠረት የጣለው ግን አሜሪካዊው የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ቦሪስ ሌቪንሰን ነው። ከሰው ጋር የማይግባባ አንድ ልጅ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድሞ ወደ ሌቪንሰን ቢሮ በመምጣቱ ጂንግልስ ከሚባለው ውሻ ጋር በአጋጣሚ ተገናኘ። ልጁ ውሻውን ማሻሸትና ከእርሱ ጋር መጫወት ጀመረ፤ ቀስ በቀስም ሌቪንሰን በጨዋታው መካከል ገብቶ ልጁን ማነጋገር ቻለ። ሌቪንሰን በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ውሻውን «ረዳት ሐኪም» ብሎ ጠራው። ሐሳቡ በመጀመሪያ ከሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ ፌዝ ቢገጥመውም በኋላ የብዙ ጥናቶች መነሻ ሆኗል።

በ1976 እ.ኤ.አ. ኢሌን ስሚዝ የምትባል ነርስ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ «ቴራፒ ዶግስ ኢንተርናሽናል» የተባለውን ማኅበር አቋቋመች። በቀጣዩ ዓመት በኦሪገን የተመሠረተው «ዴልታ ሶሳይቲ» በ2012 እ.ኤ.አ. ስሙን ወደ «ፔት ፓርትነርስ» ለውጧል። በብሪታንያ «ፔትስ አዝ ቴራፒ» በ1983 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ።

አሠራር

የውሻው ምርጫ

ለዚህ ሥራ ዋናው የውሻው ጠባይ እንጂ ዘሩ አይደለም። ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር በብዛት ቢታዩም ድብልቅ ውሾችም ይሠራሉ። ተፈላጊው ውሻ ለአቅመ ውሻ የደረሰ (አብዛኞቹ ማኅበራት ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃሉ)፣ ከእንግዳ ሰው ጋር በፈቃዱ የሚቀራረብ፣ በድንገተኛ ድምፅ የማይደነግጥ ነው። ሰውን ታግሦ የሚቀመጥ ውሻ ብቻ አይበቃም፤ የሰው መቅረብ ደስ የሚለው መሆን አለበት።

ፈተና

ውሻውና የሚይዘው ሰው አብረው ይፈተናሉ። በፈተናው ላይ የማያውቀው ሰው ይነካዋል፤ ጆሮውንና እግሩን ይይዛል፤ በአጠገቡ ዕቃ ይወድቃል፤ ክራንች ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ያልፋል፤ መሬት ላይ ምግብ ይጣላል። ውሻው ሳይጮህ፣ ሳይዘልና ምግቡን ሳያነሳ ትእዛዝ መከተል ይጠበቅበታል። የሚይዘው ሰው ደግሞ የውሻውን የድካምና የፍርሃት ምልክት ማንበብ እንዲችል ይፈተናል። የእንስሳት ሐኪም የጤናና የክትባት ማስረጃ ይሰጣል።

ጉብኝቱ

ከጉብኝቱ በፊት ውሻው ታጥቦ ይበጠራል፤ ጥፍሩም ይከረከማል። ተቋሙ ደግሞ አለርጂ ያለበት፣ ውሻ የሚፈራ ወይም በእምነቱ ምክንያት መንካት የማይፈልግ ሰው መኖሩን አስቀድሞ ያጣራል። በጉብኝቱ ጊዜ ውሻው ከገመዱ አይፈታም፤ ያለ ያዡም ከማንም ጋር ብቻውን አይተውም። ሰውየው ወደ ውሻው የሚቀርበው በፈቃዱ ነው፤ ውሻውም ከፈለገ ዘወር የማለት ነፃነት ይሰጠዋል። ከንክኪ በፊትና በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

በአካል ላይ የሚታየው ለውጥ

ሰውና ውሻ በረጋ መንፈስ ሲቀራረቡ በሁለቱም አካል ላይ ለውጥ ይታያል። ደቡብ አፍሪካዊው ዮሃንስ ኦደንዳል ከባልደረባው ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 18 ሰዎችና 18 ውሾች ተለክተው ነበር። ከመሻሸቱ በኋላ የሁለቱም ወገን የደም ግፊት ቀንሷል፤ ከመቀራረብና ከደስታ ጋር የሚያያዙት እንደ ኦክሲቶሲንና ዶፓሚን ያሉ ንጥረ ነገሮችም በደማቸው ውስጥ ጨምረዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የሁለቱም ኦክሲቶሲን እንደሚጨምር አሳይተዋል። በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም።

ሌላው ምክንያት ማኅበራዊ ነው። ውሻ ልጅን አያርምም፣ አይስቅበትም፣ ማርክ አይሰጠውም። ማውራት የከበደው ሰው በመጀመሪያ ስለ ውሻው ይናገራል፤ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል።

በትምህርት ቤት

በትምህርት ቤት በሰፊው የታወቀው ሥራ ለውሻ ማንበብ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ አንድ የቴራፒ እንስሳት ማኅበር ልጆች ለውሻ ጮክ ብለው የሚያነቡበትን ፕሮግራም ጀመረ፤ ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። አንድ ልጅ ከውሻው አጠገብ ተቀምጦ ያነባል። በክፍል ጓደኞቹ ፊት ሲያነብ የሚንተባተብ ተማሪ እዚህ የሚያፍርበት ሰው የለም። ሲሳሳትም የውሻው ባለቤት «ውሻው ይህን ቃል አልሰማውም፣ እስቲ ድገምለት» በማለት በተዘዋዋሪ ትረዳዋለች።

ሁለተኛው ሥራ ጭንቀትን መቀነስ ነው። በብሪታንያ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው 8 እና 9 ዓመት የሆኑ 105 የመደበኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎችንና 44 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ተከታትለዋል። አንዱ ቡድን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ለአራት ሳምንት ከሠለጠነ ውሻ ጋር ቆየ፤ ሌላው የመዝናናት ልምምድ ሠራ፤ ሦስተኛው በተለመደው ትምህርቱ ቀጠለ። ከውሻ ጋር የቆዩት ተማሪዎች በምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። 249 ተማሪዎች የተሳተፉበት ሲሆን ለ10 ደቂቃ ውሻና ድመት ያሻሹት ኮርቲሶላቸው ቀንሷል። እንስሳቱን ከሩቅ ብቻ ያዩት ወይም ፎቷቸውን የተመለከቱት ያንኑ ያህል ለውጥ አላሳዩም። ስለዚህ በፈተና ሰሞን ቴራፒ ውሾችን ወደ ግቢያቸው የሚጋብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው።

በሙያ ተቋማት

• የሥነ ልቦና ምክር፦ አማካሪው የራሱን የሠለጠነ ውሻ በክፍሉ ውስጥ ያኖራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ለልጆችና ከባድ አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች ነው።
• ፍርድ ቤት፦ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያትል ጂተር የተባለ ረዳት ውሻ በዓቃቤ ሕግ ቢሮ ጥቃት የደረሰባቸው ሕፃናት ቃላቸውን ሲሰጡ አብሯቸው እንዲቀመጥ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የፍርድ ቤት ውሻ በሌሎች ግዛቶችም የተለመደ ሆነ።
• የጥርስ ሕክምና፦ ሕክምናውን የሚፈራ ልጅ ውሻውን እየዳበሰ እንዲቆይ ይደረጋል። የንጽሕና ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ ውሻው ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ክፍል አይገባም።
• ሆስፒታል፦ ውሻው የሚገባው በሐኪሙ ፈቃድ ነው። የመከላከል አቅማቸው በጣም የተዳከመ ሕመምተኞች ወደሚተኙበት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አይገባም።
• ከአደጋ በኋላ፦ በ1995 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ሲቲ ከደረሰው የቦምብ ፍንዳታ በኋላ ቴራፒ ውሾች ለተጎጂ ቤተሰቦችና ለነፍስ አድን ሠራተኞች ተሰማርተዋል።

የማስረጃው ጥንካሬና ገደብ

በጥናቶቹ የታየው ጥቅም አበረታች ቢሆንም ከመጠን በላይ ሊነገርለት አይገባም። ብዙዎቹ ጥናቶች ተሳታፊያቸው ጥቂት፣ ጊዜያቸውም አጭር ነው። ተሳታፊው ከውሻ ጋር መሆኑን ስለሚያውቅ በመድኃኒት ሙከራ እንደሚደረገው ሁኔታውን መደበቅ አይቻልም። ብዙውን ጊዜ በፈቃዳቸው የሚመዘገቡት ውሻ የሚወዱ ሰዎች መሆናቸውም ውጤቱን ወደ አንድ ወገን ያዘነብለዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ለውሻ ስለ ማንበብ የተደረጉ ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍም ልማዱ ለንባብ የሚጠቅም ቢመስልም ማስረጃው ደካማ መሆኑን ገልጿል።

በ2018 እ.ኤ.አ. በአምስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ካንሰር ባለባቸው ሕፃናት ላይ የወጣው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውሻ የጎበኛቸው ሕፃናት ካልተጎበኙት ጋር ሲነጻጸሩ በጭንቀት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየባቸውም፤ የወላጆቻቸው ውጥረት ግን ቀንሷል። በአጠቃላይ ቴራፒ ውሻ ለጊዜው ጭንቀትን ሊያቀልና ሕክምናን ሊያግዝ ይችላል፤ የአማካሪን ሥራ ወይም ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን መድኃኒት ግን አይተካም።

በአፍሪካ

በደቡብ አፍሪካ በጎ ፈቃደኞች ውሾቻቸውን ወደ ሆስፒታል፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያና ወደ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቶች ይወስዳሉ።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሰሜን ኡጋንዳው ነው። በጉሉ ከተማ በፍራንሲስ ኦኬሎ ኦሎያ መሥራችነት በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ኮምፈርት ዶግ ፕሮጀክት» ከሎርድስ ሬዚስታንስ አርሚ ጦርነት ለተረፉና የጦርነቱ ትዝታ ለሚያሠቃያቸው ሰዎች ውሻ ይሰጣል። ኦሎያ ራሱ በልጅነቱ በፍንዳታ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው። እዚህ ውሻው ለጉብኝት መጥቶ አይሄድም፤ ከተጎጂው ጋር በቋሚነት ይኖራል። ባለቤቱ ውሻውን መመገብን፣ ማሠልጠንንና መንከባከብን እየተማረ የሥነ ልቦና ምክርም ያገኛል። ፕሮጀክቱ የሚሠራው «ቢግ ፊክስ ኡጋንዳ» በተባለ ድርጅት ሥር ሲሆን፣ ይኸው ድርጅት የእንስሳት ሕክምና ይሰጣል፤ ውሾችንም ስለ እብድ ውሻ በሽታ ይከትባል። የሰው ማጽናናትና የውሻ ክትባት በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ሥራውን በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ አስተማማኝ አድርጎታል።

በኢትዮጵያ

የውሻ ቦታ በኅብረተሰቡ

በኢትዮጵያ ውሻ ከሁሉ በፊት ጠባቂ ነው። በገጠር ከብትን ከጅብ፣ ቤትን ከሌባ ይጠብቃል። በከተማ በግቢ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ውሻ እንግዳን የማያስጠጋ ነው፤ ቴራፒ ውሻ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ታማኝነቱን ሲያወሳ «የውሻ ልጅ» የሚለው ስድብ ደግሞ ንቀቱን ያሳያል። ውሻን ለማጫወት ብቻ ማሳደግ በከተማ እየተለመደ ቢመጣም እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ቺዋዋ ሉሉ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ትታያለች።

የሃይማኖት አመለካከት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ይከለከላል። በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያኒቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት በምትቆጥረው በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ የጦቢት ልጅ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት ይሄዳል።

በእስልምና የመዝሀቦች አቋም ይለያያል። በሻፊዒ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ነው፤ እርጥበቱ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱን በአፈር ይታጠባል። በሐነፊ መዝሀብ ምራቁ ነጃሳ ሲሆን ፀጉሩ አይደለም። በማሊኪ መዝሀብ ደግሞ ሕያው ውሻ ንጹሕ ነው። በወሎ የሻፊዒም የሐነፊም መዝሀብ ተከታዮች አሉ። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ውሻ መያዝ በሐዲስ የተፈቀደ ነው። ቁርኣን ከዋሻው ሰዎች ጋር የነበረውን ውሻ ያወሳል፤ ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘም በሐዲስ ተነግሯል። በ2008 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ አንድ መስጊድ ዓይነ ስውር ምእመን መሪ ውሻውን ይዞ እንዲመጣና ውሻው ከስግደቱ ቦታ ውጭ በመግቢያው አካባቢ እንዲቆይ ፈቅዷል።

የእብድ ውሻ በሽታ

ቴራፒ ውሻን በኢትዮጵያ ለመጀመር ትልቁ መሰናክል የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉም ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያ በዓመት 2,700 ገደማ ሰዎች እንደሚሞቱ በግምት ይጠቀሳል።

የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመር አለበት። በመጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት መሄድ ሕይወት የሚያድነውን ጊዜ ያባክናል። በሽታው በአንድ አካባቢ እንዲቋረጥ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተያዘው ግብ በውሻ ምክንያት የሚመጣውን የሰው ሞት በ2030 እ.ኤ.አ. ማጥፋት ነው።

ይህም በልጆች ትምህርት ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ልጆች «የማታውቁትን ውሻ አትንኩ» እየተባሉ ሊያድጉ ይገባል። በክፍል ውስጥ ውሻ እንዲያሻሹ የተደረጉ ልጆች በመንገድ የሚንከራተተውንም እንዲሁ ለመንካት ሊደፍሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቴራፒ ውሻ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ስለ ንክሻ መከላከል አብሮ ማስተማር የግድ ነው።

ጨፋ ሮቢትና አካባቢው

ጨፋ ሮቢት በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ከከሚሴ በስተደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በሰሜን ሸዋ ካለችው ሸዋ ሮቢት የተለየች ናት። የዞኑ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን አፋን ኦሮሞ ይናገራል። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋ ወራት የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት አርቢዎች የሚሰባሰቡበት የግጦሽ ቦታ ነው። ውሻ እዚህ የሚታወቀው መንጋና ቤት የሚጠብቅ ሠራተኛ ሆኖ ነው።

አካባቢው በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በተነሣው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ከሚሴ በደረሰው የሰሜኑ ጦርነት ተጎድቷል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ያለፉ ተማሪዎች የሥነ ልቦና ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። ቴራፒ ውሻ ለዚህ ድጋፍ ከሚውሉት መንገዶች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን አይደለም። ውሻው የሚያግዘው አማካሪ ከሌለ የውሻው መምጣት ለአንድ ቀን ከማጫወት አያልፍም።

ለእንስሳት ጤና ቅርብ የሆኑት ተቋማት በደሴ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትና የኮምቦልቻው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ናቸው። እንዲህ ባለ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ቴራፒ ውሻ ከማስገባቱ በፊት የሚከተሉት ሊሟሉለት ይገባል፦

• በእንስሳት ሐኪም የተከተበ፣ ከትላትል የጸዳና ማስረጃ ያለው ውሻ፤
• የሠለጠነና ከውሻው የማይለይ ያዥ፤
• ሥራውን የሚመራ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም መምህር፤
• የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድና ከሃይማኖት አባቶችና ከሽማግሌዎች ጋር የተደረገ ምክክር፤
• ለመንካት የማይፈልግ ተማሪ የሚሳተፍበት ሌላ ሥራ፤
• ሳሙና፣ ውኃ፣ ለውሻው የተለየ ቦታ፤
• ንክሻ ቢያጋጥም ክትባት የሚገኝበት ጤና ተቋም አስቀድሞ መታወቁ።

ሌሎች ጥንቃቄዎች

ከእብድ ውሻ በሽታ ሌላ ጭርት፣ ቁንጫና የሆድ ትላትል ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ጥሬ የከብት ሳንባና ጉበት የሚበላ ውሻ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥረውን የሃይዳቲድ በሽታ ትል ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ቴራፒ ውሻ ጥሬ ሥጋና የሆድ ዕቃ አይመገብም።

የውሻው ደኅንነትም የሥራው አካል ነው። ደጋግሞ ማዛጋት፣ ከንፈርን መላስ፣ ፊትን ማዞርና ጭራን በእግር መካከል መሸጎጥ የውጥረት ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ጉብኝቱ ይቋረጣል። ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲከቡት የሚጨነቅ ውሻ ሊናከስ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ውሻው በቀጥታ ወደ ክፍሉ ከሚገባ ይልቅ ተማሪዎቹ በጥቂት በጥቂቱ ወደተዘጋጀለት ክፍል ቢሄዱ ይመረጣል።

አማራጮች

ውሻ በማይፈቀድበት ወይም በማይፈለግበት ቦታ ሌሎች እንስሳት ሊተኩት ይችላሉ። ድመት በእስልምና ንጹሕ እንስሳ ስለሆነች በሙስሊም ማኅበረሰብ ዘንድ የመንካት ጥያቄ አታስነሣም። በ1947 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት የተመሠረተው ግሪን ቺምኒስ ትምህርት ቤት የስሜት ችግር ያለባቸውን ልጆች ከእርሻ እንስሳት ጋር እያሠራ ያስተምራል። ከብትና ፍየል የዕለት ኑሮ በሆነበት እንደ ጨፋ ባለ አካባቢ ይህ መንገድ ከውሻ ይልቅ ሊቀርብ ይችላል።

ሮቦቶችም ለዚህ አገልግሎት ተሠርተዋል። በጃፓን በታካኖሪ ሺባታ የተሠራው ፓሮ የባሕር ውሻ ግልገል (ሲል) የሚመስል ሮቦት ነው። ሲነኩትና ሲጠሩት በሴንሰሮቹ አማካይነት ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅም ያሰማል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓን የተሸጠ ሲሆን በተለይ ለመርሳት ሕመምተኞች ይውላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአረጋውያን መጦሪያዎች የተደረገ ጥናት ሕያው ውሻንና የሶኒ ኩባንያን ሮቦት ውሻ አይቦን አነጻጽሮ ሁለቱም ብቸኝነትን እንደቀነሱ አሳይቷል። ሮቦት አይናከስም፣ በሽታም አያስተላልፍም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ጥገናም ይፈልጋል።

ደግሞ ይዩ

• ውሻ
• የእብድ ውሻ በሽታ
• ሥነ ልቦና
• የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን
• ከሚሴ